ለሆኪ ክለብ የሚሆን ከተማ እንዴት ይመረጣል? ከባለቤቱ እስከ በረዶው

ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሆኪ፣ በተለይ በረዶ ላይ የሚጫወቱት ሆኪ፣ ወሬ ሲነሳ አንድ ጥያቄ አይቀርም። ቀጣዩ ክለብ የት ይከፈት? ሂዩስተን የሚል አለ። አትላንታ የሚል አለ። ኩቤክ ሲቲ የሚሉት ደግሞ ድምፃቸው ከሁሉም ይጎላል። ብዙው ክርክር ግን ከሕዝብ ብዛት ይጀምርና እዚያው ያልቃል። "ሂዩስተን እኮ ከአገሪቱ ትልልቅ ከተሞች አንዷ ናት!" ይባልና ነገሩ የተቋጨ ይመስላል።

እኔ በዚህ አልስማማም። ብሔራዊው የሆኪ ሊግ፣ ማለትም ኤንኤችኤል፣ ከ1967 ወዲህ የከፈታቸውንና ያዛወራቸውን ክለቦች አንድ በአንድ ተመልከቱ። አትላንታ ሁለት ጊዜ ክለብ አጥታለች። የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የመጀመሪያ ክለቡን አጥቷል። ፊኒክስም እንደዚሁ። እነዚህ ሁሉ ሕዝብ የሞላባቸው ናቸው። በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የሕዝብ ብዛት መጨረሻ ላይ የሚታይ ነገር ነው። መጀመሪያ የሚታዩት ባለቤቱና ሕንጻው ናቸው።

ይህ መመሪያ ለስፖርት ወዳጆችና ለስፖርት ጋዜጠኞች ይጠቅማል። ዲሲ፣ ሲያትል፣ ዴንቨር፣ ሚኒያፖሊስ፣ ላስ ቬጋስ ወይም አትላንታ ለምንኖር ሐበሾችም ይመለከተናል። አንድ ቀን ከተማው ለአሬና፣ ማለትም ጣሪያ ላለው የስፖርት ሕንጻ፣ ማሠሪያ ታክስ እንጨምር ወይ ብሎ ድምፃችንን ሊጠይቀን ይችላል። ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ ሊጉ ለምን ክለብ ይጨምራል?

ኤንኤችኤል በ1967 ከስድስት ክለብ ወደ አሥራ ሁለት ሲያድግ አንድ አዲስ ክለብ የከፈለው 2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ቬጋስ በ2016 ሲፈቀድለት 500 ሚሊዮን ከፈለ። ሲያትል በ2018 ሲፈቀድለት 650 ሚሊዮን። ዛሬ ክለቦቹ 32 ናቸው።

የመግቢያ ክፍያው የት ይሄዳል? ለነባሮቹ ባለቤቶች ይከፋፈላል። ከተጫዋቾች ጋር ከሚካፈሉት ገቢ ውስጥም አይገባም። የሲያትል ገንዘብ ለ30 ክለቦች ሲከፈል ለእያንዳንዳቸው 21 ሚሊዮን ከ600 ሺህ በላይ ደርሷል። ቬጋስ ገና አዲስ ስለነበር ከክፍያው ድርሻ አላገኘም።

ይህን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሊጉ አዲስ ክለብ ሲፈቅድ ከተማው ክለቡን መያዝ መቻሉ ከመታወቁ በፊት ገንዘቡ ኪሱ ይገባል። ከተማው ግን ከክለቡ ጋር ሠላሳ ዓመት ይኖራል። የሁለቱ ጥቅም አንድ አይደለም። ስለዚህ ሊጉ "ገበያው ዝግጁ ነው" ስላለ ብቻ ምርመራችሁን አታቁሙ።

ደረጃ 1፦ ባለቤቱን መርምሩ

ከሁሉም በላይ የምመክረው ይህንን ነው። ለምን እንደሆነ አንድ ታሪክ ያሳያል።

በ1974 ሁለት ክለቦች አብረው ገቡ። አንዱ ዋሽንግተን ካፒታልስ፣ ሌላው ካንሳስ ሲቲ ስካውትስ። ሁለቱም ነባር ክለቦች ያልፈለጓቸውን ተጫዋቾች ለቃቅመው ጀመሩ። ዋሽንግተን በመጀመሪያው ዓመት ከ80 ጨዋታ ያሸነፈው 8 ብቻ ነው። በሊጉ ታሪክ ከታዩት እጅግ መጥፎ ውጤቶች አንዱ ነው። ካንሳስ ሲቲ 15 አሸነፈ። በሜዳ ውጤት ብቻ ብትፈርዱ መሄድ የነበረበት ዋሽንግተን ነው።

የሆነው ተቃራኒው ነው። ካንሳስ ሲቲ ሁለት ዓመት ተጫውቶ ወደ ዴንቨር ተሰደደ፤ በ1982 ደግሞ ወደ ኒው ጀርሲ። ዋሽንግተን ዛሬም አለ። በ2018 የሊጉን ዋንጫ፣ የስታንሊ ዋንጫን፣ ሲያነሳ ዲሲ ጎዳናው በቀይ ማሊያ ተጥለቅልቆ ነበር።

ልዩነቱ ምንድን ነው? የዋሽንግተኑ ባለቤት ኤብ ፖሊን ላንዶቨር ሜሪላንድ ላይ የራሱን አሬና ሠርቶ ነበር። የቅርጫት ኳስ ክለቡም የራሱ ነው። ሆኪው በከሰረባቸው ዓመታት ሕንጻው ሌላ ገቢ ያስገባለት ነበር። ካንሳስ ሲቲ ግን በብዙ ትናንሽ ባለአክሲዮኖች እጅ ነበር። ኪሳራ ሲመጣ ኪሱ ጥልቅ የሆነ አንድ ሰው አልተገኘም።

የአትላንታ ትራሸርስም ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በ2004 ክለቡን የገዙት ሸሪኮች የቅርጫት ኳስ ክለቡንና አሬናውንም አብረው ነው የገዙት። ብዙም ሳይቆዩ እርስ በርስ ተካሰሱ፤ ክርክሩም ለዓመታት ተጓተተ። ክለቡ በአሥራ አንድ የጨዋታ ዓመት ውስጥ ለጥሎ ማለፍ የደረሰው አንዴ ብቻ ነው፤ በ2007። ያኔም አራት ተከታታይ ጨዋታ ተሸንፎ ወጣ። በ2011 ወደ ዊኒፔግ ሲሄድ "አትላንታ ሆኪ አትወድም" ተባለ። በእኔ አስተያየት ይህ ፍርድ ትክክል አልነበረም። ባለቤቶቹ ራሳቸው ያልወደዱትን ነገር ሕዝቡ እንዲወድላቸው ጠበቁ።

ስለዚህ ስለ ባለቤቱ እነዚህን ጠይቁ። አሬናው የራሱ ነው ወይስ ተከራይ ነው? የፓርኪንግ፣ የምግብና የኮንሰርት ገቢው ለማን ይገባል? አምስት ዓመት ቢከስር ይችላል? ሆኪው ዋና ሥራው ነው ወይስ መሬት ለማልማት የያዘው ሰበብ? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ዛሬ ከበድ ይላል። አሁን አሬና ብቻውን አይመጣም። ከጎኑ ሆቴል፣ አፓርታማና የገበያ ማዕከል አብሮ ይመጣል።

ደረጃ 2፦ ሕንጻው ለሆኪ የተሠራ መሆኑን አረጋግጡ

የኤንኤችኤል ሜዳ 200 ጫማ ርዝመትና 85 ጫማ ስፋት አለው። የቅርጫት ኳስ ሜዳ 94 በ50 ነው። ይህ ልዩነት ብዙ ነገር ያበላሻል። ለቅርጫት ኳስ የተሠራ አሬና ውስጥ በረዶ ስታነጥፉ ከግቦቹ ጀርባ ያሉት ወንበሮች ይነሳሉ። የቀሩት ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ቅርቡ ያለውን ግብ አያየውም።

ብሩክሊን ውስጥ የሆነውን እዩ። የኒው ዮርክ አይላንደርስ በ2015 ወደ ባርክሌይስ ሴንተር ገባ። ሕንጻው አዲስና የሚያምር ነው፤ ግን ለቅርጫት ኳስ ነው የተሠራው። ከላይ የተንጠለጠለው የውጤት ሰሌዳ በሜዳው መሐል አልነበረም፤ ወደ አንዱ ጎን ያደላ ነበር። በአንደኛው ጥግ፣ ሜዳውን ከከበበው መስታወት ጀርባ፣ ወንበር መሆን በነበረበት ቦታ ለማስታወቂያ መኪና አቆሙበት። በረዶው ጥሩ አይደለም ብለው ተጫዋቾች አማረሩ። ክለቡ ብዙ ሳይቆይ ከዚያ ወጣ። በ2021 ለሆኪ ተብሎ የተሠራ አዲስ አሬና ከከተማው ምሥራቃዊ ዳርቻ ተከፈተለት።

የዩታዋ ሶልት ሌክ ሲቲም ይህ ችግር ገጥሟታል። ክለቡ በ2024 ከአሪዞና ሲመጣ ዴልታ ሴንተር ውስጥ ግቡን ሳይጋረድ የሚያሳየው ወንበር 11 ሺህ ገደማ ብቻ ነበር። እዚያ ግን ባለቤቱ ሕንጻውን ማደስ የጀመረው ወዲያውኑ ነው። ከተማውም የሽያጭ ታክስን በግማሽ ፐርሰንት ጨምሮ እስከ 900 ሚሊዮን ዶላር ለመደገፍ ተስማማ። ይህ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ገንዘቡ የነዋሪው እንደመሆኑ መጠን፣ ከውሉ ውስጥ ክለቡ ስንት ዓመት ለመቆየት እንደፈረመ ማንበብ የነዋሪው መብት ነው።

ሲያትል ሌላ መንገድ ሄደች። የድሮው ኪይ አሬና በ1995 ሲታደስ ለቅርጫት ኳስ ብቻ ታስቦ ነው። ሆኪ ከተማዋን ለዓመታት ያለፋት በዚህ ምክንያት ነው። በኋላ ሠሪዎቹ የ1962ቱን ታሪካዊ ጣሪያ ላለማፍረስ ወሰኑ። 20 ሚሊዮን ኪሎ ገደማ የሚመዝነውን ጣሪያ በጊዜያዊ ብረት አየር ላይ ደግፈው ሥሩን ቆፈሩ። ከዚያ ውስጥ አዲስ አሬና ሠሩ፤ በ2021 ተከፈተ። ለሆኪ 17,151 ሰው ይይዛል። ወጪው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ የተሸፈነውም በግል ገንዘብ ነው።

እናንተ የምታደርጉት ቀላል ነው። የአሬናውን የወንበር ካርታ ፈልጉ። ለቅርጫት ኳስ ስንት፣ ለሆኪ ስንት እንደሚይዝ አነጻጽሩ። ልዩነቱ ሁለት ሺህ ከሆነ ምንም አይደለም። አምስት ሺህ ከሆነ ግን ከተማው ገና ዝግጁ አይደለም፤ "ዝግጁ ነን" የሚል መግለጫ ቢወጣም እንኳ።

ደረጃ 3፦ ማክሰኞ ማታ ማን ይመጣል?

አንድ ክለብ በዓመት በሜዳው ከአርባ በላይ ጨዋታ አለው። ብዙዎቹ በሥራ ቀን ማታ ናቸው። ስለዚህ አሬናው ከተማው ውስጥ መሆኑ ብቻ አይበቃም። ትኬት የሚገዛው ሰው ከሥራ ወጥቶ ሊደርስበት ይገባል።

የአሪዞናው ኮዮቲስ በ2003 ከፊኒክስ መሐል ወጥቶ በስተምዕራብ ወደ ግሌንዴል ሄደ። ብዙ ደጋፊዎቹና ገንዘብ ያላቸው ድርጅቶች በስተምሥራቅ ናቸው፣ ስኮትስዴል አካባቢ። መሐል ላይ የሥራ መውጫ ሰዓት ትራፊክ አለ። ክለቡ በ2009 ኪሳራ አወጀ። ግሌንዴል ክለቡን ላለማጣት ለሁለት የጨዋታ ዓመት በየዓመቱ 25 ሚሊዮን ዶላር ለሊጉ ከፈለች። ይህ የአንድ ትንሽ ከተማ ግብር ከፋይ ገንዘብ ነው። በመጨረሻ ክለቡ በ2022 ከዚያ ወጣ፤ ሁለት ዓመት ወደ 4,600 ሰው ብቻ በሚይዝ የዩኒቨርሲቲ አሬና ተጫወተና ወደ ዩታ ተዛወረ። ኦታዋም ከመሐል ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በተሠራ አሬና ለዓመታት ሲቸገር ኖሯል።

ለዚህ ነው አሁን ስለ አትላንታ የሚወሩት ሁለት ዕቅዶች፣ አልፋሬታና ፎርሳይት ካውንቲ፣ ሁለቱም ከከተማው በስተሰሜን የሆኑት። የቤዝቦሉ ክለብ ብሬቭስም በ2017 ወደዚያው አቅጣጫ ሄዷል።

ካርታ አውጡ። ኑሮው ደህና የሆነው ቤተሰብ የሚኖርበትን ሰፈር ምልክት አድርጉ። ከዚያ በሥራ ቀን አመሻሽ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከዚያ ሰፈር ተነስታችሁ እስከ አሬናው ንዱ። ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈጀባችሁ መልሱን አግኝታችኋል። የሕዝብ ትራንስፖርቱንም እዩ። ሲያትል ውስጥ የጨዋታ ትኬት የያዘ ሰው በባቡርና በአውቶቡስ በነጻ ይሳፈራል፤ ሌሎችም ሊኮርጁት የሚገባ ነገር ነው።

ደረጃ 4፦ ቀብዱን ቁጠሩ

"ክለብ ይምጣ" የሚል ፊርማ ዋጋ የለውም። ዋጋ ያለው ቀብድ ነው። ቬጋስ በ2015 የሙሉ ሲዝን ትኬት ቀብድ መሰብሰብ ሲጀምር ብዙ ሰው "በረሃ ላይ ማን ሆኪ ያያል?" ብሎ ነበር። ከ13 ሺህ በላይ ቀብድ ተከፈለ። ሲያትል መጋቢት 1 ቀን 2018 ሲጀምር ዝቅተኛው ቀብድ 500 ዶላር ነበር። የመጀመሪያው 10 ሺህ ያለቀው በ12 ደቂቃ ነው።

ግን ቁጥሩ አያስክራችሁ። ዊኒፔግ በ2011 ክለቧን መልሳ ስታገኝ 13 ሺህ የሲዝን ትኬት ተሸጦ አለቀ፤ ለሁሉም ሰው ከተከፈተ በኋላ የቀረው በ17 ደቂቃ ነው የሄደው። በ2024 መጀመሪያ ላይ ግን የሲዝን ትኬት ያዡ ወደ 9,500 ወርዶ ነበር። ከተማዋ ትንሽ ናት። ትልልቅ ድርጅቶችም ጥቂት ናቸው። በናፍቆት የገዛው ሰው ዋጋው ሲከብደው የሚተካው የለም። ስለዚህ ቀብዱን ስትቆጥሩ ከጀርባው ስንት ተራ ጠባቂ እንዳለ፣ ውሉ የስንት ዓመት እንደሆነና ከገዢዎቹ ስንቱ ድርጅት እንደሆነ ጠይቁ።

ደረጃ 5፦ ከመወሰናችሁ በፊት አንድ ጨዋታ አጫውቱ

ይህንን በደንብ ያሳየው የሴቶቹ ሊግ፣ ፒደብሊውኤችኤል፣ ነው። ሊጉ በጥር 2024 በስድስት ክለብ ጀመረ። በሁለተኛው ዓመቱ ክለብ ወደሌለባቸው ከተሞች ጨዋታ ይዞ ዞረ። ቫንኩቨር ላይ ከ19 ሺህ በላይ ሰው ገባ። ሲያትልም ከ12 ሺህ በላይ። ከወራት በኋላ አዲሶቹ ክለቦች ለእነዚሁ ሁለት ከተሞች ተሰጡ። መጀመሪያ ታይቶ ነው የተወሰነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ዴንቨርና ዲትሮይትም ከ14 ሺህ በላይ ሰው አስገብተው ያኔ አላገኙም። አንድ ማታ ሰው መሙላቱ ብቻ አይበቃም። ሊጉ አሬናው በቂ የጨዋታ ቀን እንዳለው፣ ልምምድ የት እንደሚሠራና ተጓዡ ክለብ እንዴት እንደሚደርስም ይመለከታል።

ደረጃ 6፦ ገንዘቡና ካርታው

ይህን በአጭሩ ላሳልፈው። የኤንኤችኤል ተጫዋች ደሞዝ በአሜሪካ ዶላር ነው። የካናዳ ክለብ ትኬት የሚሸጠው በካናዳ ዶላር ነው። የኩቤክ ሲቲ ትልቁ ችግር ይኸው ነው። አሬናው በ2015 ተከፍቶ ዝግጁ ነበር፤ ደጋፊውም አለ። በ2016 ግን ሊጉ ቬጋስን ተቀብሎ ኩቤክን "ቆይ" አለው። አንዱ ምክንያት የካናዳ ዶላር መውደቁ ነው። ሌላው ካርታው ነው። ሊጉ ምሥራቅና ምዕራብ ተብሎ በሁለት ይከፈላል። ያኔ በምሥራቁ 16፣ በምዕራቡ 14 ክለብ ነበር፤ ኩቤክ ደግሞ ምሥራቅ ነው። አሁን 16 ለ16 እኩል ናቸው።

ነባር ክለብ በዙሪያው 50 ማይል የሚደርስ ለራሱ የተከለለ ክልል አለው። ሃሚልተን ኦንታሪዮ በቅርብ ዘመን ክለብ ያላገኘችበት አንዱ ምክንያት በቶሮንቶና በቡፋሎ መካከል መያዟ ነው። አዲስ ክለብ ለመቀበል ከባለቤቶቹ ሦስት አራተኛው መስማማት አለባቸው። ጎረቤቱን ያስቀየመ ዕቅድ ደግሞ እዚያ ይሰናከላል።

የቲቪውን ጉዳይ በድሮው ዓይን አትዩት። ድሮ ትልቅ ከተማ ማለት ትልቅ የኬብል ገቢ ነበር። ትልቁ የአካባቢ ስፖርት ቻናሎች ድርጅት በ2023 ኪሳራ ካወጀ በኋላ ቬጋስና ዩታ ጨዋታቸውን በነጻ በአንቴና ወደሚታይ ቻናል አዙረዋል። ስለዚህ "ትልቅ የቲቪ ገበያ" የሚለው መከራከሪያ እንደ ድሮው አይመዝንም።

ደረጃ 7፦ ልጆች የት ይንሸራተታሉ?

ሆኪ በየሜዳው ኳስ ይዞ የሚጀመር ስፖርት አይደለም። በረዶ ይፈልጋል፣ ጫማው ውድ ነው፣ መከላከያው ውድ ነው። ልጆች የሚማሩበት ሜዳ ከሌለ የነገ ደጋፊ የለም።

ኦስተን ማቲውስ ያደገው ስኮትስዴል ነው። በረሃ ላይ፣ በልጅነቱ ኮዮቲስን እያየ። ክለቦች አዳዲስ ተጫዋቾችን በየተራ በሚመርጡበት የ2016 ድራፍት አንደኛ ተመረጠ። ክለቡ ሲከስር እንኳን ልጆች እያፈራ ነበር። ሲያትል ገና አንድ ጨዋታ ሳትጫወት ኖርዝጌት ላይ ባለ ሦስት ሜዳ ማዕከል ከፍታለች፤ ቀላል ባቡሩ አጠገቡ ይደርሳል። ዕቅድ ስታነቡ ለሕዝብ ክፍት የሚሆን ስንት የበረዶ ሜዳ እንዳለበትና ለጀማሪ ልጆች መሣሪያ የሚያውሱ መሆናቸውን ፈልጉ። ልጆቻችን በዚህ ስፖርት ውስጥ የሚገቡበት በር እሱ ነው።

ደረጃ 8፦ ዕጩዎቹን በዚህ መንገድ መዝኑ

ሂዩስተን፦ አሬናው አለ፤ ከ2003 ጀምሮ የሆኪ ክለብ አስተናግዶም ያውቃል፤ የታችኛው ሊግ ክለብ እስከ 2013 እዚያ ተጫውቷል። ቁልፉ ግን በቅርጫት ኳሱ ክለብ ባለቤት እጅ ነው። እሱ በሚስማማው ዋጋ ካልገባ ሌላ ሰው በቀላሉ አይገባም። ሚሊዮኖች ያሉባት ከተማ ያለ ክለብ የቆየችው በዚህ ነው።

አትላንታ፦ ቦታው አሁን የተሻለ ነው። ገና መታየት ያለበት ባለቤቱ ማን እንደሚሆንና የሕንጻው ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ ነው። ኩቤክ፦ ሕንጻውና ፍቅሩ አለ፤ ምንዛሬውና የድርጅቶች ቁጥር ይጎድላል።

ፊኒክስ፦ ልጆቹ አሉ፣ ደጋፊው አለ፣ ሕንጻ የለም። በግንቦት 2023 የቴምፒ ነዋሪዎች ለአሬናና ለአፓርታማ የታሰበውን ግዙፍ ዕቅድ በድምፅ ጣሉት። አዲስ ሙከራ ከመጣ ደጋፊም ሁኑ ተቃዋሚ፣ ድምፅ ከመስጠታችሁ በፊት ከውሉ ውስጥ ሦስት ነገር ፈልጉ። ክለቡ ቀድሞ ቢወጣ ስንት ይከፍላል? የአሬናው ባለቤት ማን ይሆናል? ገቢው ከታሰበው ቢያንስ ጉድለቱን ማን ይሸፍናል? እነዚህ በግልጽ ካልተጻፉ ውሉ አላለቀም። ወደ ከተማው ምክር ቤት ስብሰባ ሂዱና እዚያው ጠይቁ፤ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት ነው።